አባቴ ለዋይፋዩ የሰጡት ቁጥር

እንጀራዬ የሰው መርሳት ነው። ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሬጅስትራር ቢሮ፣ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ተማሪው ውጤቱን የሚያይበት ገጽ አልከፈት ሲለው ወደ እኔ ይመጣል። «ፓስወርዴ ጠፋብኝ» ይላል። «ጠፋብኝ አይባልም፤ ረሳሁት ነው የሚባለው» እለዋለሁ። «የት ጻፍከው?» ስለው ጣሪያ ያያል። አፌ ያመጣልኝን ከተናገርኩት በኋላ አዲስ አውጥቼለት እሸኘዋለሁ። «ያቺ ቁጡዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሐሰትም አይደለም። ባለፈው ጥቅምት የደረሰብኝን ቢያዩ ኖሮ ተሰልፈው ያጨበጭቡ ነበር።

የምንኖረው አዘዞ ነው፤ እኔና አባቴ ብቻ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። አዲ አርቃይ አጠገብ ባለች አንዲት ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቴ ስታርፍ ወደ እኔ አመጣኋቸው። መጀመሪያ ሰሞን ከተማው ይከብዳቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው ግን ሰፈሩን ከእኔ በላይ አወቁት። ማለዳ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከኪዳን መልስ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ይነሳላቸዋል፤ የሚኒባስ ረዳቱ ሳይቀር «አባቴ፣ ላድርስዎት» ይላል። እኔ እዚህ ሰፈር ስምንት ዓመት ኖሬ ጎረቤቴን እንኳ በቅጡ አላውቀውም።

ዋይፋዩ የገባው ክረምት ላይ ነው። ባለሙያው የመጣ ዕለት እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ተቀብለው ያስገቡት አባቴ ናቸው። ፓስወርድ የሚሆን ቁጥር ሲጠይቃቸውም የሰጡት እሳቸው። ማታ ስገባ ቁጥሩን በቃላቸው አሉልኝ፤ እኔ እየተከተልኩ ስልኬ ላይ ነካካሁት፤ ሠራ። «ጻፍ ላድርገው እንዴ አባባ?» ብላቸው፣ «ይኼ ደግሞ ምን ያስጽፋል?» አሉኝ። በእሳቸው ትምህርት ቤት መጻፍ የሰነፍ ምርኩዝ ነው። በጆሮ ሰምተው በቃል ይዘዋል፤ በቃል አስተምረዋል። ቁጥሩን ስልኬ ያዘልኝና እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለቀቅኩት።

ለመስቀል ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። ከዓመት በኋላ ያየ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው፤ እኔ በየቀኑ እያየሁ ያላየሁትን እሱ በሦስት ቀን ውስጥ ሰበሰበው። አባባ መቋሚያቸውን ቤተ ክርስቲያን ጥለው መጡ። የግቢውን ቧንቧ ከፍተው ትተው ደጃፋችን ኩሬ ሆነ። አንድ ቀን ከጓዳ ሲጠሩኝ በእናቴ ስም ጠሩኝ። ወንድሜ ሊሄድ ሲል ከበር ውጭ ይዞኝ ወጣ።

«እየረሱ ነው» አለኝ። «አንቺ ሥራ ስትውዪ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። አዲስ አበባ እወስዳቸዋለሁ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊሠሩ?»

«ሰው ያያቸዋላ። እሳት ትተው ቢወጡስ?»

አዲስ አበባ ማለት ለአባቴ ታክሲ ተይዞ የሚኬድበት ቤተ ክርስቲያን፣ ማንም የማይነሳላቸው መንገድ፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ማለት ነው። አንድ ወር ጠየቅሁት፤ ሰጠኝ። በየቅዳሜው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በቪዲዮ እየደወለ ፊታቸውን እያየ ሊያጫውታቸው ተስማማን። ወሩ ሲያልቅ ሊወስን ነው። በእነዚያ ሳምንታት አባቴን እንደ ልጃቸው አልነበረም የማያቸው፤ እንደ ፈታኝ ነበር። ትናንት ምን በላን፣ ማን መጣ፣ ቁልፉን የት አደረጉት እያልኩ። እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ሲመልሱልኝ ድምፃቸው ዝቅ ይል ጀመር።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀራት ስልኬ ልብስ ከማጥብበት ሳፋ ውስጥ ገባ። ሳወጣው አበቃለት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ስልኳን አዋሰችኝ፤ ሲም ካርዴን ከትቼ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከዋይፋዩ ጋር ላገናኘው ተቀመጥኩ። በእኛ ሰፈር የሞባይሉ ዳታ ድምፅ እንጂ ምስል አይሸከምም።

አባቴ ግቢው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ዳዊት ይደግማሉ። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

«አባባ፣ እስቲ የዋይፋዩን ቁጥር ይንገሩኝ።»

ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሱ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ትንሽ ተራመደ፤ ከዚያ ስምንት ቁጥር አከታትለው አሉልኝ። አንዷ ላይ እንኳ አልተደናቀፉም። ነካካሁት። ስልኩ አልተቀበለም።

«አልሆነም አባባ።»

ደገሙልኝ። ያው ናቸው፤ አንዷ እንኳ አልተለወጠችም። ቀስ ብዬ አስገባሁ፤ እንቢ። ሦስተኛ ጊዜ፤ እንቢ። ያኔ ነው የመስኮቷ ሴትዮ ከአፌ የወጣችው።

«የት ጻፉት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አልጻፍኩትም።»

«እርግጠኛ ነዎት ግን?»

አባቴን ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ዐርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲሳሳት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው የሚያርሙ ሰው ናቸው። ዳዊታቸውን ዘግተው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት።

«ሌላ የለኝም ልጄ» አሉ። «ይኼ ካልሆነ፣ እንግዲያስ ጠፍቶኛል ማለት ነው።»

ያን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ የጸሎቱን ተራ ራሳቸው ነበሩ የሚያስታውሱት። ስልኩን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። በግልጽ ልናገረው፤ ፈራሁ። ወንድሜ እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ ያላየሁት፣ ስወጣ ስገባ አጠገቤ እየጠፉ ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞ በዚያው ቅጽበት ስለ ራሴ ነበር የማስበው፤ ማታ ስገባ በሩን ከፍተው «መጣሽ?» የሚሉኝ ቢታጡ እኔ ምን ይውጠኛል?

የዋይፋዩን ሳጥን ገለበጥኩት። ከጀርባው የተለጠፈው ቁጥር ባለሙያው ከመቀየሩ በፊት የነበረው ነው፤ ሞከርኩት፣ አልሠራም። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ባልደረባዬ ዘንድ ደወልኩ። «ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ብትነኪያት እንደ አዲስ ይጀምራል» አለኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ግን መስመሩም አብሮ ይጠፋል፤ ሰኞ ባለሙያ ማስመጣት ነው» ብሎ ጨመረበት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ወንድሜን በተራ ስልክ ደውል ብለው «ምነው ቪዲዮው?» ማለቱ አይቀርም። እሱ ደግሞ ውሸቴን ከትንፋሼ ያውቃል።

ስወጣ አባቴ እንደተውኳቸው ተቀምጠዋል። አውራ ጣታቸው አሁንም አንጓ ላይ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። አጠገባቸው ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እንደዚያ ሆኜ ነው መስኮቴ ላይ ለማንም አቅርቤው የማላውቀውን ጥያቄ የጠየቅሁት።

«አባባ፣ መጀመሪያውኑ ግን ቁጥሩን ከየት አመጡት?»

ተገረሙ። «ከየት አመጣዋለሁ? ቆጥሬ ነዋ።»

«ምኑን?»

«ባሕረ ሐሳብ። ሰውዬው ስምንት ቁጥር ይስጡኝ አለኝ። የልደት ቀንዎ ይሁን አለኝ፤ ልደቴን እኔ አላውቀው። ዓመተ ዓለሙ አራት ቁጥር ነው፣ አበቅቴው ሁለት፣ መጥቅዑ ሁለት፤ ሞላልኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሰጠሁታ!»

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን! ለማያውቀው ሰው ልንገር፤ ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚቆጠርበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለው ዘመን ዓመተ ዓለም ይባላል፤ ከእሱ ተነስተው አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ያወጣሉ፤ ፋሲካም ዐቢይ ጾምም የሚገኙት ከእነሱ ነው። አባቴ በየዘመን መለወጫው ሕዝቡ ፊት ቆመው የዓመቱን የሚያውጁ ሰው ናቸው። እንደዚህ ያለ ሰው ቁጥር ቢጠየቅ ሌላ ምን ይሰጣል?

«ስለዚህ አልያዙትም» አልኩ። «በተጠየቁ ቁጥር ይቆጥሩታል።»

«ምን ልያዘው? እያለ!»

«በየዓመቱ ያው ነው?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ዘመን በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል እንጂ።»

ይህን እንዳሉ አውራ ጣታቸው አንጓው ላይ ቆመ። የተያየነው እኩል ነው መሰለኝ።

«ሰውዬው የመጣ...» አልኩ።

«ፍልሰታ ነበር!» አሉ። «አዎን! ውኃ ልስጥህ ብለው ቅዳሴ አልወጣም ብሎ እንቢ ያለኝ፤ ሸጋ ሰው። ነሐሴ ነው! አይ እኔ፣ የዘንድሮውን ነው እኮ የምነግርሽ!»

አልረሱም ነበር። እንዲያውም በትክክል ቆጥረዋል፤ መስከረም ሲጠባ እሳቸው ከዘመኑ ጋር ተሻገሩ፣ ሳጥኑ አምና ቀረ። ተጣድፌ ስልኩን አነሳሁ። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አውራ ጣታቸው ከአንጓ አንጓ ሄደ።

«ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሰባት» አሉ። «አበቅቴ አንድ። መጥቅዕ ሃያ ዘጠኝ።»

አስገባሁት። «ተገናኝ» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ ቀረ፤ ጭራሽ መነካትም አልፈለገ። ቆጠርኩ፤ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው።

«አባባ... አንድ ይጎድላል።»

«አንድ ይጎድላል» ብለው ደገሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ከዚያ አባቴ ሳቁ። ከልባቸው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «እሱም እኮ እንዲሁ ነው ያለኝ! አንድ ይጎድላል አለኝ። ከአንዱ በፊት ዜሮ ላግባበት፣ ቁጥርዎን አይነካብዎትም አለኝ። ባዶ ነገር ከፊት ቆሞ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ተከራክሬዋለሁ!»

ዜሮዋን አስገባሁ። ስልኩ አንዴ አሰበ፤ ከላይ ያቺ የማራገቢያ ቅርጽ ብቅ አለች፤ ሞላች። ቁጥሩን እንዲህ በአደባባይ መጻፌ አያስደንግጣችሁ፤ ቀይረነዋል።

እፎይ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከዱካዬ ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣብኝ፤ «ምነው ልጄ? ምን አገኘሽ?» እያሉ ራሴን ይዳብሳሉ። አንድ ነገር ግን ያኔውኑ ቆንጠጥ አድርጎኛል፤ ያን ቁጥር ክረምት ላይ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዜሮዋንም ጭምር። ከእኔ አእምሮ አንዲቱም አልተገኘችም። ሆኖም እየረሳሽ ነው፣ ተነሺ አዲስ አበባ ልውሰድሽ ያለኝ የለም።

ወንድሜ ዐሥር ሰዓት ሲል ደወለ። አባቴ ስልኩን ከእጄ ወስደው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ተረኩለት፤ ያ ባለሙያ ከእሳቸው ጋር ስለ ዜሮ የተከራከረውን ሳይቀር። ወንድሜ መጀመሪያ ፊቱ ጨፈገገ፤ ኋላ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዓይኑን አበሰ።

«ቧንቧውንስ አባባ?» አለ ቢሆንም። እሱ እንዲህ ነው፤ አይለቅም።

«ቧንቧውን ረስቼ ነው» አሉ አባቴ። «ሽማግሌ ነኝ፤ ቧንቧ እረሳለሁ። መቋሚያም እረሳለሁ። እናትሽንም... እናትህንም እጠራለሁ፤ እሱ መርሳት አይደለም። አንተ ይልቅ ልጆቹን ይዘህ ለፋሲካ ና፤ ሚያዝያ አራት ይውላል።»

«እሺ» አለ ወንድሜ በመጨረሻ። «እኛ እንመጣለን። እርስዎ እዚያው ይሁኑ።» ይህን ሲል የእሱም ትከሻ ቀለል ሲለው በምስሉ አየሁት። እሱም ለካ መውሰዱን ፈርቶት ኖሯል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ቆየን። ደስታዬ ገና አልበረደልኝም፤ ሻይ ላፍላ፣ ዳቦ ልቁረስ እያልኩ ብድግ ቁጭ እላለሁ። እሳቸው ግን ሐሳብ ይዟቸው ነበር።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉ ድንገት። «ጠፍቶኛል ያልኩሽ ጊዜ። አንቺ ቤት ስትገቢ ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ ያው ይመጣል። ቆጠራው ትክክል ከሆነ የተበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ደግሞ ቢጠፋኝ በዚህ ቤት ማን ይቆጥረዋል አልኩ።»

«መቼ አስተማሩኝና!»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ተቆጥቼ ነበር የተናገርኩት፤ ለካ ቁጣው ውስጤ ስንት ዓመት ተቀምጧል። ያ ሁሉ የሰው ልጅ ከየአገሩ እየመጣ ደጃችን ላይ ሲማር ውኃ የማቀብል፣ ቆሎ የማቀርብ እኔ ነበርኩ። ከጓዳ ሆኜ ድምፃቸውን እየሰማሁ አደግሁ። ወንድሜን አስቀምጠውት ሦስት ጊዜ አምልጧል። እኔን ማንም ተቀመጪ አላለኝም።

አባቴ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ማስተማር ነበረብኝ። በይ ግራ እጅሽን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጉና አውራ ጣቴን ይዘው ከታችኛው አንጓ ላይ አስቀመጡት። የሠርክ ጸሎት ደወል ሲደወል ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ አልተነሱም።

«የሚመጣውን ዓመት አውጪልኝ» አሉ። «ዘንድሮ ወንበሩ፣ ዓመተ ዓለሙን በዐሥራ ዘጠኝ ገድፈሽ ከተረፈሽ አንድ ስትቀንሺ የምታገኚው፣ ዐሥራ ሁለት ነው። ለሚመጣው አንድ ጨምሪ።»

«ዐሥራ ሦስት።»

«በዐሥራ አንድ አባዢው፤ ከዚያ ሠላሳ ሠላሳውን ግደፊ። የተረፈሽ አበቅቴ ነው። ወንበሩን እንደገና በዐሥራ ዘጠኝ አባዢው፤ እንዲሁ ግደፊ። የተረፈሽ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ ከሞሉ ማንንም አትጠይቂ።»

መጀመሪያ ተሳሳትኩ፤ ሃያ ዘጠኝ መጣልኝ። «እንደገና» አሉ፤ አልተቆጡም። ሁለተኛም ተሳሳትኩ። ስልኩን አንስቼ በማስያው ላሰላ ብል እጄን መልሰው አንጓዬ ላይ አስቀመጡት። በሦስተኛው ጮክ ብዬ መቁጠር ተውኩና በልቤ ሄድኩ፤ አበቅቴ ሃያ ሦስት ሆነ፤ መጥቅዕ ሰባት ሆነ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው መልሴን ይጠብቃሉ። ሁለቱን ደመርኳቸው። ሳይነግሩኝ ትክክል መሆኔን አወቅኩ።